በመዝገብ የቀሩ ስሞች፤ በሰርቨሮች ላይ ስላረጁ አካውንቶች የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በኮምፒዩተር መረብ አስተዳዳሪዎች ዘንድ እንደ ቀላል ነገር የሚታየውን አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በኅብረት ሲሠሩበት የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባሳዩት ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. በተባለው ሥርዓት ለየተጠቃሚው የምስጢር ቃል የተሰጠው ስለዚሁ ነበር።

በ1993 ማይክሮሶፍት ያወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ደግሞ ተጠቃሚውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ለአካውንቱ በተሰጠው የመለያ ቁጥር ነው። አካውንቱ ከተሰረዘ በኋላ በዚያው ስም ሌላ ቢከፈት እንኳ ቁጥሩ አዲስ ይሆናል።

በ2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ግሩፕ ፖሊሲ የተባለውን አመጣ። በዚህም አስተዳዳሪው የማን መብት ምን እንደ ሆነ በአንድ ቦታ ጽፎ ለሰርቨሮቹ ሁሉ ያስተላልፋል። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። ሠራተኛው ሲሰናበት አካውንቱ ይሰረዛል፤ ስሙ ግን በፖሊሲው ዝርዝር ውስጥ ይቀራል። ሰርቨሩ ፖሊሲውን ሥራ ላይ ሲያውል ስሙን ወደ መለያ ቁጥር ለመለወጥ ይሞክራል፤ ባለቤቱንም ሲያጣ በመዝገቡ ላይ ቁጥር 1202 የሆነውን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የስሕተቱም መለያ 1332 ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በሰርቨሩ ውስጥ ዊንሎጎን.ሎግ የተባለውን መዝገብ ከፍቶ ያልተገኘውን ስም መፈለግ፣ ቀጥሎም ስሙ በየትኛው ፖሊሲ እንደ ተጻፈ መርምሮ፣ የፊደል ስሕተት ከሆነ ማረም፣ የተሰናበተ ሰው ከሆነ መፋቅ ነው። ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ሲባል በዚያው ስም አዲስ አካውንት መክፈት ግን የቀድሞውን መብት ለማይገባው ማውረስ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከፋ አለ። ይኸውም ባለቤቱ ትቶት የሄደ፣ ነገር ግን ያልተሰረዘ አካውንት ነው። ስሙም ቁጥሩም ስለሚገኝ ሰርቨሩ ይህን ማስጠንቀቂያ አይጽፍም። በ2021 በአሜሪካ ኮሎኒያል ፓይፕላይን በተባለው ኩባንያ ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ወንጀለኞቹ የገቡት ከሩቅ ለመግባት በሚያገለግል፣ ነገር ግን ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ በማይታሰብ አሮጌ አካውንት ነበር፤ መግቢያውም ከምስጢር ቃሉ በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። ኩባንያው ግንቦት ወር ውስጥ የነዳጅ መሥመሩን ለቀናት ዘጋ፤ 75 ቢትኮይንም ከፈለ፤ ይህም በጊዜው ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ቁጥር 1202 የሚያሰለች ጩኸት ሳይሆን የመዝገብ አያያዝ መጓደሉን የሚያሳይ ምልክት ነው። አንድ የተሰናበተ ሰው ስም በፖሊሲው ውስጥ ከተረሳ፣ ሌላው ከነአካውንቱ አለመረሳቱን ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ አስተዳዳሪው ያልተገኘውን ስም በፋቀ ጊዜ፣ የሚገኙትንም ስሞች ከሠራተኞች ዝርዝር ጋር ያስተያይ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።