ባዶ ነው የተባለ መሬት

እ.ኤ.አ. በ1949 ኔዘርላንድስ የኢንዶኔዥያን ነፃነት ስትቀበል አምስተርዳም ውስጥ ጭንቅ ከያዛቸው ኩባንያዎች አንዱ ኤች ቪ ኤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመው ይህ ድርጅት በጃቫና በሱማትራ እርሻዎቹ ስኳር፣ ሻይና ጎማ እያመረተ ከብሯል። አሁን መሬቱ ከእጁ ሊወጣ ነው፤ አገዳ የሚያውቁ ባለሙያዎቹ ግን አሉ። ሌላ ሞቃት ሜዳና ሌላ ወንዝ መፈለግ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ዳር፣ ወንጂ ላይ 5,000 ሄክታር ገደማ አገኘ።

ፋብሪካው በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር እንዲያመርት የተሠራ ነበር። ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ከስምንት ዓመት ግድም በኋላ እዚያው አጠገቡ ቆመ። ስኳሩ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከወንጂ የወጣውን ደስታ ከረሜላ ያልቀመሰ የዚያ ዘመን ልጅ ማግኘት ይቸግራል። የውጭ አገር ገንዘብና ዕውቀት ኢትዮጵያን እንዴት እንደሚጠቅም ማሳየት የፈለገ ባለሥልጣን እንግዳውን ይዞ የሚሄደው ወደ ወንጂ ነበር። በእርግጥም የሚታይ ነገር ነበረው።

የማይታየው ከአገዳው በፊት የነበረው ነው። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ ከብቶች የሚሰማሩበትና ውሃ የሚጠጡበት ነበር። የተከለለ አጥር፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የባለርስት ስም ግን አልነበረውም። የመዝገብ ቤት ሰው አገላብጦ ሲያየው ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ የመንግሥት ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንን አስተሳሰብ አንቀጽ 130 ላይ በግልጽ አሰፈረው፦ በማንም ስም ያልተያዘ መሬት፣ የግጦሽ መሬትንም ጨምሮ፣ የመንግሥት ሀብት ነው። ከዚያ ወዲህ በአዋሽ ሸለቆ ለተፈረመው ውል ሁሉ መሠረቱ ይህች አንቀጽ ናት ማለት ይቻላል። ዘላኑ ይህን ሜዳ ያጣው በጦር ሳይሆን በመዝገብ ነው።

አገዳ ቆራጩ ደግሞ ከሩቅ መጣ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የመጡ ወጣቶች በፊደል በተሰየሙ ካምፖች ሰፈሩ። ከመቁረጥ በፊት የአገዳው ማሳ በእሳት ይለበለባል፤ ቅጠሉ ተቃጥሎ ግንዱ ብቻ ሲቀር ሰዎቹ ገጀራ ይዘው ይገባሉ፣ ሲወጡ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥላሸት ለብሰው ነው። ከጉድጓድ የሚቀዳላቸው ውሃ የሚያጠራጥር አይመስልም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በካምፖቹ የተወለዱት ልጆች ጥርስ ቡናማ እየሆነ መጣ። በጡረታ የተሰናበቱ ሰዎች አንገታቸውን ማዞርና ጎንበስ ማለት አቃታቸው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ነበረው። ወንጂ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስሟ የገባው በዚህ የፍሎራይድ በሽታ ነው።

ካምፖቹ ሌላም ነገር አፈሩ። ሕጉ የሠራተኛ ማኅበርን ገና በማያውቅበት ጊዜ የስኳር ሠራተኞቹ ይደራጁና ሥራ ያቆሙ ነበር። በ1955 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት አቶ አበራ ገሙ ከዚሁ ከወንጂ የወጡ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ አዋሽ በሙሉ ተፈለገ። በ1952 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የወንዙ ፍሰት ተገራ፤ በ1954 ውል የሚያከፋፍለው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኤች ቪ ኤ ወደ ታች ወርዶ መተሐራ ላይ ሦስተኛ ፋብሪካውን ተከለ። እዚያ ያገኛቸው ከብት አርቢ ከረዩዎችን ነው። ከረዩዎች በአንድ በኩል በአገዳ፣ በሌላ በኩል በዚያው ዓመታት በተከለለው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተያዙ። አንዱ ከብት እንዳይገባበት ለስኳር የታጠረ፣ ሌላው ከብት እንዳይገባበት ለሳላ የታጠረ።

ከሁሉም የከፋው የታችኛው አዋሽ ነው። በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ የተንዳሆ እርሻን አቋቁሞ ጥጥ መዝራት ጀመረ። አፋሮች ወንዙን የሚጠቀሙበት መንገድ ለውጭ ሰው ቶሎ አይገባውም። ዝናብ ሲጥል ከብታቸውን ይዘው ከወንዙ ይርቃሉ፤ በጋው ሲበረታ፣ ሌላው አገር ሁሉ ሲደርቅ፣ ጎርፍ ያረጠበው የወንዝ ዳር ሣር ይጠብቃቸዋል። በዝናቡ ወራት ለጥናት የሚመጣ መሐንዲስ ሰው የሌለበት ለም መሬት ያያል። ከስፋቱ አንፃር ካየነው የተወሰደው መሬት ከአፋር ምድር ጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን የቀረው ምድር በሙሉ በበጋ የሚቆመው በዚያች ጥቂት ላይ ተደግፎ ነበር። የ1965 ድርቅ ሲመጣ ወደ ወንዙ የወረደው ከብት ያገኘው የጥጥ ማሳ ነው። በዚያ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት ሕዝቦች አፋሮች አንዱ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የወሎ ረሃብ ሲባል ሁሉም ሰው ደጋውን ብቻ ያስባል።

የአፋሮች መሪ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። መሬቱ ታርሶ ካልተገኘ ባዶ ነው ተብሎ እንደሚወሰድ ሲያዩ ራሳቸው ጥጥ አስዘሩ። ለኩባንያው በገዛ ቋንቋው የመለሱለት እሳቸው ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1967 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ ግን የእሳቸውም እርሻ፣ የሚቸል ኮትስም ጥጥ፣ የኤች ቪ ኤም አገዳ አብሮ ሄደ። ሱልጣኑ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። ለከረዩና ለጅሌ የተመለሰ መሬት አልነበረም፤ የኩባንያ እርሻ የመንግሥት እርሻ ሆነ፣ ድንበሩ ባለበት ቆመ።

ከደርግ በኋላ የመጣው ኢሕአዴግም መሬትን አልሸጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል፤ የውጭ ሰው ማግኘት የሚችለው ኪራይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የእህል ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ይህ ኪራይ በጣም ተፈላጊ ሆነ። ሳዑዲ ዓረቢያ የከርሰ ምድር ውሃዋ እያለቀባት የራሷን ስንዴ ማምረት ለማቆም የወሰነችው በዚያው ዓመት ነው፤ ባለሀብቶቿ ውጭ አገር እንዲያርሱም ታበረታታ ነበር።

ምዕራብ ጠረፍ ባለው ጋምቤላ ግን ቀድሞ የደረሰው የህንዱ ካሩቱሪ ነው። በጽጌረዳ አበባ ንግድ የታወቀው የባንጋሎሩ ኩባንያ ባሮ ወንዝ ዳር 300,000 ሄክታር ሊይዝ ተስማማ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የፈረመው ውል 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ይሰጠውና ካለማ ቀሪው ይጨመርለታል ይላል። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከአንድ ዶላር እምብዛም አይበልጥም። ለንጽጽር ያህል፣ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ስምምነት እዚያው ኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ የፈቀዱት መሬት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ የወንዝ ዳሩም ከ2,000 ሜትር እንዳያልፍ ተብሎ ነው። ንጉሡ በሜትር ይለኩ ነበር።

ያ የእንግሊዝ ጣቢያም ስለ ባሮ የሚናገረው ነገር ነበረው። ከካርቱም ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት ጀልባዎች የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላባቸው ጥቂት የክረምት ወራት ብቻ ነበር፤ ባሮ ሲሞላ ደግሞ ከዳርቻው አልፎ ሜዳውን ያለብሳል። የአካባቢው ነዋሪ አኙዋክ በቆሎውን የሚዘራው፣ ኑዌር ከብቱን የሚያወርደው ይህንን አይቶ ነው። ካሩቱሪ ዘመናዊ ትራክተሮቹን አሰልፎ፣ መከላከያ አፈር ክቦ በቆሎ ዘራ። በ2003 ክረምት ማብቂያና በ2004 መግቢያ ላይ ባሮ ክቡን አልፎ ገባና በቆሎውን በላው። ኩባንያው ከዚህ በኋላ አላገገመም። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ውሉን ሲያፈርስ የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው አለ፤ ከመቶው አንድ ነጥብ ሁለት መሆኑ ነው።

ኤች ቪ ኤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ደግ ነበር ማለት አይደለም። ግን ሥራውን ያውቃል፦ የሚያውቀውን ሰብል፣ ሊያርሰው በሚችለው ልክ፣ ገዢው በተዘጋጀለት አገር አመረተ። ካሩቱሪ አበባ አብቃይ ሆኖ ሳለ ወንጂን ሃያ ጊዜ የሚያህል መሬት ለእህል ያዘ። መንግሥትም የሰጠው አርሶ ባሳየው ሳይሆን አርሳለሁ ባለው ነው።

እዚያው ጋምቤላ ውስጥ፣ በአቦቦ፣ የሳዑዲው ባለሀብት የሼክ መሐመድ አል አሙዲ ኩባንያ ሳዑዲ ስታር በደርግ ዘመን ከተሠራው ከአልዌሮ ግድብ ሥር ለሩዝ 10,000 ሄክታር ተከራየ። በሚያዝያ 2004 ታጣቂዎች በሠራተኞቹ ላይ ተኩስ ከፍተው ቢያንስ አምስት ሰው ገደሉ። በዚያው ሰሞን በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ አባወራዎች በመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ይዛወሩ ነበር። መንግሥት ፕሮግራሙ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ነው፣ ከእርሻ ኪራዩ ጋር አይገናኝም አለ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችና ከአካባቢው የተሰደዱ ሰዎች ተቃራኒውን መሰከሩ።

የመጨረሻው ጣጣ የመጣው ከራሱ ከመዝገብ ነው። በጋምቤላ መሬት ከወሰዱት አብዛኞቹ በቁጥር የአገር ውስጥ ባለሀብቶች ነበሩ፤ ይዞታቸውን አስይዘው ከልማት ባንክ ብድር ወሰዱ። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲዘረጉ አንዱ ማሳ ለሁለት ሰው የተሰጠ፣ የአንዱ ወሰን የሌላው እርሻ መሐል የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ክልሉ አንድ ጊዜ ሰጥቷል፣ ፌዴራሉ ሌላ ጊዜ። ባዶ ነው ተብሎ የተከራየው ሜዳ አሁን ሁለት ሕጋዊ ተከራይ ኖረው፤ ባንኩም በአንድ መሬት ስም ለሁለቱም አበድሮ ነበር።