የወገብ ሕመም፣ ወጌሻና የጤና መድን ወረቀት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲት ወገቡ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ አለዚያም ሚኒባስ ተሳፍሮ በቀጥታ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይገባል። የጤና መድን አባል ሆኖ ሳለ በሁለቱም መንገድ ከኪሱ ይከፍላል። ዘመድ ገጠር ያላቸው የሥራ ባልደረቦቼ «መድን ገብቶ የለም እንዴ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አሠራሩን ላስረዳ።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ሐሙሲት ያለችበት የደራ ወረዳ ጎረቤት የሆነው ፎገራ ነበሩ። መድኑ የታሰበው ደመወዝተኛ ላልሆነው አርሶ አደርና ነጋዴ ሲሆን፣ አባል የሚሆነውም ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ለደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድን የሚባል ሌላ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶለታል።

ለሙከራው በወጣው ደንብ አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታያል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ነው ብሎ ሪፈር ከጻፈለት ሆስፒታል ሲታከም አይከፍልም። ያለ ሪፈር ከሄደ ግን የወጪው ግማሽ የራሱ ነው። የውጭ አገር ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈኑም።

ሰው የማያየው ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ከመድኑ ጋር ውል አለው፤ የታካሚውን መታወቂያ ቁጥር፣ የተገኘውን በሽታ፣ ምርመራውን፣ መድኃኒቱንና ዋጋውን መዝግቦ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው ከካርዱ ጋር ይመሳከራል። በካርዱ ላይ ያልተጻፈ ራጅ ወይም ከሕመሙ ጋር የማይሄድ መድኃኒት ሲገኝ ጥያቄ ያስነሳል። በእኔ አስተያየት ሐኪሙ «የወገብ ሕመም» ብቻ ብሎ የሚያልፍበት ልማድ ተቋሙንም ታካሚውንም ይጎዳል።

ወጌሻ ውል የለውም፣ ካርድ አያወጣም፣ የበሽታ ስም አይጽፍም። እጁ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን መድኑ የሚከፍልበት ሰነድ የለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠራ ግን ሥራው ካርድ ላይ ይሰፍራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ እያሠለጠነ ነው።

የባለጠጎቹ አገርም ከዚህ የላላ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን መድን ለካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ ለሚያስተካክል ባለሙያ) የሚከፍለው ለዚያው የእጅ ሥራ ብቻ ነው፤ ባለሙያው ላዘዘው ራጅም ሆነ ለማሳጅ አይከፍልም። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ ጉዳቱ በራጅ እንዲታይ ይጠየቅ ነበር። አሁን ራጅ ከሌለ በእጅ ምርመራ ከአራት ምልክቶች፣ ማለትም ከሕመም፣ ከአከርካሪው መዛባት፣ ከእንቅስቃሴ መገደብና ከጡንቻው ለውጥ፣ ቢያንስ ሁለቱ መጻፍ አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ የግድ መዛባት ወይም የእንቅስቃሴ መገደብ ነው። ሕመምተኛው መሻሻሉን ካቆመና ሕክምናው ያለበትን ሁኔታ ለማቆየት ብቻ ከሆነ ክፍያው ይቆማል።

ወደ ሐሙሲት ስንመለስ፣ የታዘዘው መድኃኒት በመንግሥት ተቋም ከታጣ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት በደንቡ ተፈቅዷል። ለዚህም ማኅተም ያለበትን የሐኪም ማዘዣና ደረሰኙን አለመጣል ነው።