የሆስፒታል አልጋና የንድፍ ምርምር ዘዴ

የንድፍ ሥራ እንደ ሌሎቹ የዕውቀት ዘርፎች የራሱ የምርምር ዘዴ ሊኖረው ይገባል ወይስ ከባለሙያው ተሰጥዎ ብቻ የሚፈልቅ ነገር ነው? ክርክሩ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ባለሙያዎች ስለ ንድፍ ዘዴ ለመነጋገር ተጠራርተው ጉባኤ የተቀመጡት በ1962 ሴፕቴምበር ወር፣ ለንደን ውስጥ በኢምፔሪያል ኮሌጅ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጉባኤው አዘጋጆች አንዱ ክሪስቶፈር ጆንስ፣ ቀደም ሲል ማንቸስተር ውስጥ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ነገር ታዝቦ ነበር። ሰውና መሣሪያ እንዴት እንደሚጣጣሙ ተጠንቶ ውጤቱ ለመሐንዲሶቹ ሲቀርብ፣ የንድፉ ዐቢይ ጉዳይ አስቀድሞ ተቆርጦ ስለሚያድር ጥናቱ ከመደርደሪያ አያልፍም። እንግዲህ ጉድለቱ በጥናቱ ሳይሆን ጥናቱ በሚደርስበት ሰዓት ነበር።

በዚሁ ዘመን በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ብሩስ አርቸር የተባለ፣ በሜካኒካል ምሕንድስና የሠለጠነ ሰው፣ ከቀዶ ሕክምና ውጪ ባሉ የሆስፒታል ዕቃዎች ላይ ምርምር ያካሂድ ነበር። የተያዙት ጉዳዮች አራት ሲሆኑ፣ እነርሱም ያገለገለ የቁስል መሸፈኛ መጣያ፣ ተኝተው ለሚታከሙ የሚታደለው መድኃኒት እንዳይሳሳት ማድረግ፣ የሕሙማን አልጋና የጭስ መከላከያ በሮች ናቸው። ለሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሚመጥን ሥራ ነውን ብለው የጠየቁ ቢኖሩ አያስገርምም።

ከአራቱ ስሙ የገነነው አልጋው ነው። በብሪታኒያ ሆስፒታሎች ይሠራባቸው የነበሩት አልጋዎች ዓይነታቸው እጅግ የበዛ ስለነበር፣ የኪንግ ኤድዋርድ የሆስፒታሎች ፈንድ አንድ ወጥ መመዘኛ እንዲወጣ ፈለገ። የአርቸር ቡድን ግን ሥዕል ከመሳል አልጀመረም። አልጋው ላይ በየዕለቱ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያነሣው፣ ማን እንደሚገፋው፣ ነርሷ ሕመምተኛውን ስትደግፍ ወገቧ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በመከታተል ጀመረ እንጂ። ከዚያም በነዳፊው ኬኔት አግኒው እጅ ንድፉ ተሠርቶ፣ ናሙናዎቹ በቼዝ ፋርም ሆስፒታል እውነተኛ ሕሙማን ተኝተውባቸው ተፈተኑ። በ1967 የታተመው ውጤት ከአንድ ፋብሪካ ምርት ጋር ያልተቆራኘ፣ ማንኛውም አምራች ሊያሟላው የሚገባ ዝርዝር መግለጫ ነበር። ለመሐንዲስ ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ የሚፈለገው ቅርጽ ሳይሆን የሚፈለገው አገልግሎት ተጽፎ፣ አምራቹ በየበኩሉ ብልሃቱን እንዲያሳይ ተፈቅዶለታልና። ከፍና ዝቅ የሚለው የኪንግስ ፈንድ አልጋ ለብዙ ዓመታት የብሪታኒያ ሆስፒታሎች መደበኛ አልጋ ሆኖ ኖሯል።

አርቸር ከዚህ ልምዱ ጎን ለጎን ስለ ስልታዊ የንድፍ ዘዴ በ1963 እና በ1964 በ«ዲዛይን» መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። በዚያ የሠፈረው የሥራ ቅደም ተከተል ከ200 የሚበልጡ ተግባሮችን ይዘረዝራል። በ1964 ደግሞ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የአንድ የሕንድ መንደርን ፍላጎቶች 141 አድርጎ ዘርዝሮ፣ በሒሳብ እየከፋፈለ ቅርጽ የሚገኝበትን መንገድ በመጽሐፍ አቀረበ። ዘመኑ ኮምፒውተር ሁሉን ይፈታል ተብሎ የታመነበት በመሆኑ፣ ወጣት ነዳፊዎች በየሰሌዳው ሣጥንና ቀስት መሳል ተያያዙ።

ደስታው ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። አሌክሳንደር ራሱ በ1971 ዘዴን ከንድፍ ነጥሎ ማጥናትን በግልጽ ተቃወመ፤ ጆንስም በ1970 ስለ ንድፍ ዘዴዎች የታወቀውን መጽሐፉን ባሳተመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊቱን አዞረ። በ1973 ሆርስት ሪተልና ሜልቪን ዌበር የፕላን ሥራ ችግሮች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ቁርጥ ያለ ፍቺ እንደሌላቸው፣ ችግሩን በትክክል መግለጽ ራሱ የመፍትሔው ግማሽ አካል እንደሆነ አስረዱ።

ትችቱ ከሣጥኑና ከቀስቱ አንጻር ሲታይ ትክክል ነው። ከ200 በላይ ተግባሮችን በተራ የፈጸመ ሁሉ መልካም አልጋ አይሠራም። ይሁን እንጂ ተቺዎቹ ሰንጠረዡን ሲጥሉ፣ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገብቶ የማየቱንም ልማድ አብረው የጣሉት ይመስላል፤ የለንደኑ ሥራ ጉልበት ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነበር። ለዚህም የጭስ በሮቹን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። በሮቹ ተዘግተው መቆየት ሲገባቸው፣ ሠራተኞቹ ዘወትር ሽብልቅ እየሸጎጡ ክፍት ይተዉአቸው ነበር። ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ወይም ሠራተኛውን መቅጣት የቀለለ መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን አልጋና ጋሪ በቀን ስንት ጊዜ በዚያ እንደሚያልፍ ላየ ሰው፣ በሩ መከፈቱ ቸልተኝነት አይደለም። ስለዚህ የቀረበው ሐሳብ በሮቹ በኤሌክትሮማግኔት ተይዘው ክፍት እንዲሆኑና የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ማግኔቱ ለቋቸው በራሳቸው እንዲዘጉ ነበር። ይኸው አሠራር ዛሬም በየሆስፒታሉ ኮሪደር ይታያል።