የሠራተኛ ምንዳና የዓለም ገበያ፤ ከጋፋት እስከ ፎገራ

አገር ከአገር ጋር በንግድ ሲገናኝና ሰው ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲፈልስ፣ የሠራተኛው እንጀራ ይሰፋልን ወይስ ይጠባል? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል፤ ዛሬም አልተቋጨም። እኛ ግን ክርክሩን ከሩቅ ከመጀመር ይልቅ በጉና ተራራ አጠገብ ያለችውን ደብረ ታቦርን ለምስክርነት ጠርተን፣ የአካባቢዋ ታሪክ ምን እንደሚል ልንጠይቅ አስበናል።

ከሁሉ አስቀድሞ መስፈሪያውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ደመወዝ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው በእጅ የሚቈጠረው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛውም ያ ገንዘብ በገበያ የሚገዛው እህል፣ ጨውና ልብስ ነው። እውነተኛው ደመወዝ ይህ ሁለተኛው ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በበጌምድር ገበያ ትልቁ ገንዘብ በኦስትሪያ የተመታው የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ለመዘርዘሪያ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌውም ከሩቅ በረሃ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ መንገድ ሲዘጋ አንድ ብር የሚመነዝረው አሞሌ ያንሳል፤ መንገድ ሲከፈት ይበዛል። ስለዚህ ዋጋውን በአሞሌ የተቀበለ ሰው የአሞሌው ቍጥር ሳይለወጥ የሚገዛው እህል ይለዋወጥበት ነበር። እንግዲህ የሩቅ አገር ብርና የሩቅ በረሃ ጨው የደብረ ታቦርን ሠራተኛ መሶብ መንካት የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

የመጀመሪያው ምስክራችን ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል ስብከት የመጡትን የኤውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ከደብረ ታቦር አጠገብ በዚህ ስፍራ አሰፈሯቸው፤ ስዊሳዊው ቴኦፊል ቫልድማየር ከእነርሱ አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት መድፍ ነበርና፣ ባለሙያዎቹ ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠሩ። ታዲያ የባዕድ ሠራተኛ መምጣት የአገሬውን ምንዳ ቀነሰን? የቀነሰ አይመስለንም፤ ችግሩ ሌላ ነበር። ለባዕዳኑ ገንዘብ፣ በቅሎና የክብር ልብስ ሲሰጥ፣ ተራራ እየናደ መድፉን እስከ መቅደላ የጎተተው ሰው ግን በትእዛዝ የሚሠራ እንጂ በውል የተቀጠረ አልነበረም። ምንዳ የማይቀበል ሰው ምንዳው አይቀነስበትም። ብረት ማቅለጥንና ማረሻ መሥራትን ከጥንት ጀምረው ያውቁ የነበሩት ቀጥቃጮችም፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፣ ዋጋቸውን ያሳነሰባቸው የባዕዱ መዶሻ ሳይሆን የጎረቤታቸው ንቀት ነው። ይህ ንቀት ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ሲወጡ የጋፋት ሥራ አብሮ አከተመ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ጥበቡ ከእንግዳው ጋር መጥቶ ከእንግዳው ጋር ከሄደ ለአገሬው ሠራተኛ የሚተርፍለት የለም።

ሁለተኛው ምስክራችን ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የመጣ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በሰቲት ሑመራ ቆላ ትራክተር ገብቶ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ለገበያ በሰፊው ይመረት ጀመር። መሬቱ ሰፊ፣ ነዋሪው ጥቂት ስለ ነበረ የደጋው ሰው ለሥራ ይወርድ ነበር። ይህ ልማድ ወደ መተማም ተስፋፍቶ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የቡሄ ጅራፍ ጸጥ ብሎ መስከረም ሲጠባ፣ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴና የፋርጣ ወጣት በትሩንና ነጠላውን ይዞ ወደ ቆላ ሲጓዝ እኛም አይተናል። የሰሊጥ ጠባይ ልዩ ነው፤ ደርሶ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን ሠራተኛ ያነሰ እንደ ሆነ ባለ እርሻው ይጨነቃል፤ የቀን ዋጋም ይወጣል። ሠራተኛ የበዛ እንደ ሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ የሚወርደውም ለመጤው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚያጭደው ለቆላው ድኻ ጭምር ነው። ደጋ ላይ ያለው አዝመራ ደግሞ ዘግይቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚሰበሰብ፣ ማሳ ያለው ሰው ሁለቱንም ሊያደርስ ይችላል። ዋጋው ካልጣመው ወደ ቤቱ የሚመለስ እርሱ ነው፤ መሬት የሌለው ግን የተሰጠውን ይቀበላል።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን በከለከለ ጊዜና ሰፋፊዎቹ እርሻዎች በመንግሥት እጅ በገቡ ጊዜ ይህ ገበያ ጠበበ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንደ ገና ተስፋፋ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ለመሆን በቃ፤ ቻይናም ትልቋ ገዢ ሆነች። እንዲህ ሆኖ የስማዳ ወጣት የቀን ዋጋ በቻይና ገበያ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚህ ዋጋ ላይ ግን በደብተር የማይጻፍ ተቀናሽ አለ፤ ይኸውም ወባና ካላዛር ነው። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር በሊቦ ከምከም በወረርሽኝ ሲገለጥ፣ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ሐኪሞች ገምተዋል። ለሕክምና የወጣው ገንዘብና በሕመም የባከነው ቀን ሲቀነስ፣ ብዙ መስሎ የታየው ብር ምን ያህል ያንሳል!

ሦስተኛው ምስክራችን ከደጋው ቍልቍል የሚታየው የፎገራ ሜዳ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ይህን መሬት ለሩዝ አዋሉት። እነርሱ ሄዱ፤ ዘሩና ዕውቀቱ ግን በገበሬው እጅ ቀረ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ተስፋፋ፣ ወረታ የሩዝ መፈተጊያ ከተማ ሆነች፣ አረምና አጨዳው ብዙ እጅ ስለሚሻ የደጋው የቀን ሠራተኛ በአቅራቢያው ሥራ አገኘ። በጋፋት ያልሆነው በፎገራ ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚገባው ሩዝ የፎገራን ሩዝ ዋጋ ሲጫነው፣ የአጫጁም ዋጋ አብሮ ይያዛል።

በባሕር ማዶም ነገሩ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1980 ብዙ ሺህ ኩባውያን በድንገት ወደ ማያሚ ከተማ በገቡ ጊዜ፣ ዴቪድ ካርድ የተባለው ሊቅ የነባሩ ሠራተኛ ዋጋ እምብዛም አልተነካም ሲል፣ ጆርጅ ቦርሃስ ደግሞ ትምህርት የሌላቸው ሠራተኞች ተጐድተዋል ብሎ ተከራክሯል። ሁለቱ የተለያዩት ከሠራተኞቹ መካከል የትኞቹን እንመዝን በሚለው ነው።

ከሦስቱ ምስክሮች የምንረዳው እንዲህ ነው። የዓለም ገበያ በራሱ ሠራተኛን አያበለጽግም፣ አያደኸይምም። ጥበቡ በአገሬው እጅ ሲቀር፣ ሠራተኛውም የሚመለስበት ማሳ ወይም ሙያ ሲኖረው እውነተኛ ደመወዙ ያድጋል፤ እነዚህ በሌሉበት ግን የወጣውን የቀን ዋጋ የእህል ዋጋ ተከትሎ ይበላዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ሰሊጥ ላኪው በአንድ ዶላር ብዙ ብር ሲያገኝ፣ ዘይትና ማዳበሪያ የሚገዛው ብዙ ብር ከፈለ። ይህንንም በወር ደመወዝ የምንኖር ሁሉ ከራሳችን ጓዳ እናውቀዋለን።

አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። እንዲህ ያለው ጥናት በብር ቍጥር ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ይስታል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት የቀን ሠራተኛን ዋጋ ከጤፍና ከገብስ ዋጋ ጋር ጎን ለጎን በየወሩ ቢመዘግቡ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ቅዳሜ ገበያ ልከው የአንድ ቀን ድካም ስንት ቁና እንደሚገዛ ቢያስቈጥሩ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጸሓፊ የሠራተኛውን ኑሮ በግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ሊናገር ይችላል። የመድፉ ክብደት ተመዝግቦልናል፤ የጎተተው ሰው ምን በልቶ እንደ ዋለ ግን የጻፈልን የለም።