የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅበላ ላይ ያለው ድርሻ

የትምህርት ምዝገባ ሲቃረብ ወላጆች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ተማሪው ከየትኛው ትምህርት ቤት ቢፈተን ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል የሚለው ነው። ለቅበላ መሠረት የሚሆነው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የመንግሥት ወይም የግል መሆኑ፣ በክፍል ውስጥ የሰጠው ውጤትም በምደባ ላይ ነጥብ አይጨምርም። በትራንስክሪፕቱ 95 አማካይ ያለው ተማሪ በሀገር አቀፍ ፈተናው 50 በመቶ ካላመጣ ለመጀመሪያ ዓመት በቀጥታ አይመደብም።

ይህ ማለት ግን ትምህርት ቤቱ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 27 ሺህ 267 ወይም 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 1 ሺህ 328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በመሆኑም ትምህርት ቤት የሚመርጥ ወላጅ ከሕንፃውና ከክፍያው ይልቅ ቀደም ባሉት ዓመታት ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱን እንዳሳለፈ፣ ለየትምህርት ዓይነቱ መምህር የተሟላለት መሆኑን፣ ቤተ ሙከራውም በእርግጥ አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ስለሚፈተኑ የኮምፒዩተር ልምምድ መኖሩም ሊታይ ይገባል።

በ12ኛ ክፍል ለፈተና ሲባል ብቻ ትምህርት ቤት መቀየር እምብዛም ጥቅም የለውም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በመጀመሩ፣ «እዚያ ፈተናው ይቀላል» የሚባለው ወሬ መሠረቱን አጥቷል።

የተማሩበት አካባቢ ግምት ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ አለ። 50 በመቶ ላላመጡ ተማሪዎች በተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም፣ ከታዳጊ ክልሎችና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች ለመጡ፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ይወሰናል። ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚለያይ ያለፈውን ዓመት ይዞ መወሰን አያዋጣም። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

መደበኛ ተማሪዎች ለፈተናው የሚመዘገቡት በትምህርት ቤታቸው አማካይነት በመሆኑ ስም፣ ጾታ፣ የትምህርት መስክና የአካል ጉዳት መረጃ በትክክል መሞላቱን ተማሪው ራሱ ምዝገባው ሳይዘጋ ያረጋግጥ።