ከሁለቱ ቅጂ የትኛው ይነበባል?

ዲላ ላይ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚሰማት ምክር አለች፦ «አንድ ዲስክ አትመን፣ ሁለት አድርገው»። ጥሩ ምክር ናት። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ከጥሩም በላይ ናት። ነገር ግን ሁለት ዲስክ ገዝተን፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር እንዲጻፍ ካደረግን በኋላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ይቀራል። ሲጻፍ ምርጫ የለም፣ ሁለቱም ላይ ይጻፋል። ሲነበብ ግን አንዱ ይበቃል። ታዲያ ያን አንዱን ማን መረጠው? በምን መስፈርት?

ጥያቄው የባለሙያ ጨዋታ ብቻ ይመስላል። አይደለም። እኔ የማውቃቸው ልጆች የጌዴኦ ሽማግሌዎችን ድምፅ ይቀርጻሉ፤ ስለ ባሌ የትውልድ ሥርዓት፣ ስለ ሶንጎ ዳኝነት፣ ስለ ድንጋይ ሐውልቶቹ የሚነገረውን። ከተቀረጹት አዛውንቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ድምፅ ያለው ሁለት ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩ የሚመረጥበት መንገድ ታሪክ እንግዲህ የዚያ ድምፅም ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በስፋት ወደ ገበያ የገባው ከባንክ ጋር ነው። ታንደም የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ1974 ተመሠረተና በ1976 የመጀመሪያውን «ኖንስቶፕ» ማሽን ለሲቲባንክ አስረከበ። የማሽኑ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሁሉም ነገር ጥንድ ይሁን፣ አንዱ ቢሞት ሥራ አይቁም። ዲስኩም ጥንድ ሆነ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ዲስክ የሚታየው እንደ መኪና ትርፍ ጎማ ነበር፤ የሚፈለገው አደጋ ሲደርስ ነው።

በ1988 ዲና ቢተንና ጂም ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች «ትርፍ ጎማው እየሄድንም ይሠራል» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ለመረዳት የድሮውን ዲስክ ሆድ ዕቃ ማሰብ ያስፈልጋል። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ አለ። ክንዱ ወደሚፈለገው መስመር መሄድ አለበት፤ ከደረሰም በኋላ ሳህኑ ዞሮ ትክክለኛው ቦታ ከሥሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። በደቂቃ 7200 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ይህ ጥበቃ ብቻውን በአማካይ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ለኮምፒውተር ይሄ ዘመን ነው።

ጥያቄዎቹ በዘፈቀደ ከየቦታው የሚመጡ ከሆነ የአንድ ዲስክ ክንድ በአማካይ የስፋቱን አንድ ሦስተኛ ይጓዛል። ሁለት ዲስክ ካለና ለቦታው የሚቀርበው ክንድ ከተመረጠ ጉዞው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ዋጋም አለው፤ ሲጻፍ የሁለቱንም መድረስ መጠበቅ ግድ ስለሆነ የሩቁ ክንድ ጉዞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ማንበብ ይፈጥናል፣ መጻፍ ይዘገያል። ግሬይ በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቷል፤ በ2007 ከሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን በጀልባ ወጥቶ እንደወጣ ቀረ። የሁለት ቅጂን ነገር ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ያለ ምንም ዱካ መጥፋቱ ሁሌ ይገርመኛል።

በዚያው በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ከበርክሌይ «ሬይድ» የሚለውን ስም አመጡ፤ ጥንድ ዲስክ «ሬይድ 1» ተባለ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስሙ ቀረ፣ ለእኛ ጥያቄ ግን የጨመረው ብዙ አይደለም።

ለእኛ የቀረበው ሊኑክስ ነው፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። የሊኑክስ ሬይድ 1 ኮድ ራስጌ ላይ የኢንጎ ሞልናር ስም አለ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የተሻለውን የንባብ ማከፋፈያ ሚካ ኩኦፓላ በ2000 እንደጻፈው ይነበባል። ዘዴው የቢተንና የግሬይ ነው፦ እያንዳንዱ ክንድ መጨረሻ የት እንደቆመ አስታውስ፣ ለሚቀጥለው ጥያቄ የሚቀርበውን ላክ። አንድ ፋይል በተከታታይ እየተነበበ ከሆነ ግን ከጀመረው ዲስክ አትንቀሳቀስ። «ሁለት ዲስክ ገዝቼ ትልቅ ቪዲዮ ስገለብጥ ለምን እጥፍ አልፈጠነም?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ሥራውን ቁራጭ በቁራጭ ለሁለቱ ብናካፍል እንኳ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው፤ የተዘለለው ቁራጭ ለማንኛውም ከክንዱ ሥር ማለፉ አይቀርም። ትርፉ የሚመጣው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ፋይል ሲፈልግ ነው።

አሁን መብራት ይሂድ።

አንድ ቃል እየተጻፈ ነበር እንበል። አንደኛው ዲስክ ላይ ደረሰ፣ ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ጨለመ። መብራት ሲመጣ አንዱ አዲሱን ይናገራል፣ ሌላው አሮጌውን። አሁን «የቀረበውን ክንድ ላክ» ብንል ያው ጥያቄ አንዴ አዲስ፣ አንዴ አሮጌ መልስ ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ጠዋት «ድንበሩ ዛፉ ጋ ነው» ብሎ ማታ «ወንዙ ጋ ነው» ቢል ሶንጎው ምን ይሆናል? የሊኑክስ ሰዎች መልስ እኔ በጣም የምወደው ነው። ሁለቱ ዲስኮች እንደገና እስኪመሳሰሉ ድረስ ገና ላልተመሳሰለው ክፍል ፍጥነትን እርሳው፣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ደህና ዲስክ ብቻ አንብብ። ያ ዲስክ አሮጌውን የያዘው ሊሆን ይችላል። ግድ የለም። ጽሕፈቱ «አልቋል» ተብሎ ስላልተነገረ አሮጌውም አዲሱም ተቀባይነት አለው፤ ተቀባይነት የሌለው መልሱ መለዋወጡ ነው።

ወደ ፈረንጅ አገር ከመመለሴ በፊት የራሳችንን ጥንድ ላንሳ። በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ለእንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት እንዲመልሱ ጠየቁ። ምክንያታቸው መጽሐፉ የአገሩን ሕግ፣ የሹማምንቱንና የአድባራቱን ስም የያዘ በመሆኑ ያለ እሱ ሕዝቡ አይታዘዝም የሚል ነበር። የብሪታንያ ሙዚየም ከመቅደላ የመጡ ሁለት ቅጂዎች ነበሩትና አንዱን መለሰ። ለሙዚየሙ «ሁለት አለን፣ አንዱ ይበቃል» ነው። ግን በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ጥንድ አይሆንም፤ ባዶ ገጾቹ ላይ የሚሰፍረው የርስትና የጉልት መዝገብ የዚያ ቅጂ ብቻ ነው። ዲስክ ላይ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብለን የምንጀምርበት ግምት ብራና ላይ አይሠራም።

ሌላው ጥንድ የማይክሮፊልሙ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 ጀምረው ካታሎጉን የሠሩት እዚያ ነው። ካታሎጉ ያለበት ቅጂ ደግሞ ተነባቢ ቅጂ ሆነ። ፊልሙ ያው ነው፤ አንባቢው ግን ወደሚቀልለው ሄደ። ምርጫው እንደ ዲስክ ክንድ ነው፤ ቅርበት ወሰነው።

ወደ ዲስኩ። በ2012 ሻውሁዋ ሊ የሊኑክሱን ምርጫ ለኤስኤስዲ አስተካከለው። ኤስኤስዲ ክንድ የለውም፣ ስለዚህ «የሚቀርበው የቱ ነው» ትርጉም አጣ። ጥያቄው «ሥራ ያልበዛበት የቱ ነው» ሆነ።

እስካሁን ያለው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። ዋናው ፍርሃት ግን ሌላ ነው፦ ዲስክ ሳይሞት ሊዋሽ ይችላል። አንድ ፊደል ውስጡ ይበላሻል፣ ዲስኩ ግን «ይኸው» ብሎ የተበላሸውን ይሰጣል። የድሮው ሬይድ 1 ሁለቱ መለያየታቸውን አነጻጽሮ ማየት ይችላል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አያውቅም። ሁለት ምስክር ሲለያይ ድምፅ ብልጫ የለም። «አስተካክል» ካላችሁት አንዱን በሌላው ላይ ይገለብጣል፣ ደህናውን በተበላሸው ሊሸፍን ይችላል ማለት ነው።

ጄፍ ቦንዊክና ማት አረንስ ሳን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ በ2001 የጀመሩት ዜድኤፍኤስ ይሄን ፈታ፤ ኮዱ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ለእያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ ከይዘቱ የተሰላ አጭር ቁጥር፣ ቼክሰም፣ ይያዛል፤ ቁጥሩ የሚቀመጠው ራሱ ቁራጩ ጋ ሳይሆን ወደ እሱ የሚጠቁመው ጋ ነው። ሲነበብ ይሰላል፣ ካልገጠመ ሌላው ቅጂ ይጠየቃል፣ ያ ከገጠመ የተበላሸው በእሱ ይታደሳል። ከየትኛው ይነበብ ለሚለው ግን መልሱ መጀመሪያ ላይ ተራ ነበር፦ የዲስኩን ቦታ በ2 ሜጋባይት ከፋፍሎ አንዱን ለዚህ፣ ቀጣዩን ለዚያ። የሥራ ጫናንና ቅርበትን ያየ ምርጫ በፍሪቢኤስዲ የገባው በ2013 ነው።

ከዚያ ቢቲአርኤፍኤስ መጣ፤ ክሪስ ሜሰን ኦራክል እያለ በ2007 ጀመረው፣ በ2009 ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ቼክሰም አለው፣ ራሱን ያክማል፣ ጎበዝ ነው። የዲስክ ምርጫው ግን ያስቃል። እየሠራ ያለውን ፕሮሰስ ቁጥር ወስዶ ለዲስኮቹ ብዛት ያካፍለዋል፤ ቀሪው ይወስናል። በሁለት ዲስክ ሙሉ ቁጥር ወደ አንዱ፣ ጎዶሎ ወደ ሌላው። በ2020 በኮሮና ጊዜ የቤት መኪና በታርጋ ሙሉና ጎዶሎ ተራ የወጣበትን አስታውሱ፤ ልክ እሱን ነው። ብዙ ፕሮሰስ ሲኖር በአማካይ ይመጣጠናል፣ ለመሥራትም ርካሽ ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻውን ሲሠራ ግን ጠቅላላ ሸክሙ አንድ ዲስክ ላይ ይወድቃል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ሌላ አማራጭ፣ በየተራ ማንበብና የሚመረጥ ዲስክን መወሰን የሚያስችለው፣ በሙከራ ደረጃ የመጣው ገና በ2025 መጀመሪያ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት!

እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ አይደለም። ድምፅ ለማጫወት ማንኛውም ዲስክ ይበቃል። የሚያሳስበኝ ያልተነበበው ቅጂ ነው። ቼክሰም የሚሰላው ሲነበብ ነው፤ ያልተጠየቀ ዲስክ ደህና ይሁን ይታመም ማንም አያውቅም። የሽማግሌዎቹን ድምፅ በየሳምንቱ ወደ ውጭ ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም ያለ ስህተት ጨረሰ ማለት አንደኛው ቅጂ ደህና ነው ማለት ነው። ስለ ሌላው ምንም አልተናገረም። ዋናው ዲስክ የሞተ ቀን፣ ለሦስት ዓመት ያልተነበበ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነበባል፤ ብልሽቱም ያን ቀን ይታያል፣ የሚያክመው ቅጂ በሌለበት ቀን።

ለዚህ የተሠራው ሥራ «ስክራብ» ይባላል፤ በሁለቱም ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ማንም ባይጠይቀውም፣ አንድ በአንድ አንብቦ ከቼክሰሙ ጋር ያስተያያል። ዜድኤፍኤስም ቢቲአርኤፍኤስም አላቸው፤ የሊኑክስ ሬይድ 1 ደግሞ ማነጻጸሪያ አለው፣ ዳኛው ግን የለም። ሰዓታት ይወስዳል፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ዜድኤፍኤስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ቢቲአርኤፍኤስም «ቀጥል» ሲባል ይቀጥላል። ልጆቹ በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ማታ ያስነሡታል።