የልጆች ብስክሌት የፍሬን ላስቲክ መቼ መቀየር አለበት?

በዮም ኪፑር (በአስተሰርዮ) ዕለት የእስራኤል መንገዶች ከመኪና ባዶ ስለሚሆኑ ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘው እስከ አውራ ጎዳና ድረስ ይወጣሉ። ወላጆች ደግሞ በጾምና በጸሎት ላይ ናቸው። ማጌን ዳቪድ አዶም በየዓመቱ በዚህ ዕለት ከብስክሌት ወድቀው ለሚጎዱ ልጆች እርዳታ ይሰጣል። መኪና በሌለበት መንገድ ልጅ ከሚጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ማለቱ ነው።

እኛ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች ወላጆችን ስለ ብስክሌት ስንጠይቅ «እሱን ልጁ ያውቃል» የሚል መልስ ደጋግመን እንሰማለን። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን በአገር ቤት ብስክሌት ሳንነዳ ነው ያደግነው። ይሁን እንጂ በቅሎ ጭነው መንገድ የሚወጡ አባቶቻችን የኮርቻውን ማሰሪያ ሳይፈትሹ አይነሱም ነበር። ፍሬን መፈተሽም ከዚያ የከበደ አይደለም።

ፍሬኑ የሚሠራው እንዴት ነው?

በአብዛኛው የልጆች ብስክሌት ላይ እጀታው ሲጨበጥ ሽቦው ይሳብና በመንኮራኩሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ላስቲኮች የመንኮራኩሩን ብረት (ቸርኬውን) ይይዙታል። ላስቲኩ በያዘ ቁጥር በጥቂቱ ይበላል። ስለዚህ ማለቁ ብልሽት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው፤ ብልሽቱ አልቆ እያለ መንዳት ነው።

ላስቲኩ ማለቁን የሚያሳዩ ምልክቶች

1. በአዲስ ላስቲክ ላይ የተቀረጹ ቦዮች ይታያሉ። ቦዮቹ ከጠፉ ወይም ላስቲኩ ላይ የተሰመረው የማለቂያ መስመር ጋ ከተደረሰ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

2. ፍሬኑ ሲያዝ የብረት ፍጭት ድምፅ ከተሰማ፣ በላስቲኩ ውስጥ ያለው ብረት ቸርኬውን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ብስክሌቱ እስኪጠገን መነዳት የለበትም።

3. ላስቲኩ ወፍራም ሆኖ እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ካንጸባረቀ አይይዝም። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ወይም ከትልቅ ወንድም ለታናሽ የተላለፈ ብስክሌት ላይ ይህ ያጋጥማል።

4. ላስቲኩ አንዱ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ወይም ጎማውን ከነካ አቀማመጡ ተዛብቷል። ጎማውን እየፋቀ ሊያፈነዳው ስለሚችል መስተካከል አለበት።

የዲስክ ፍሬን ባለው ብስክሌት ላይ በብረት ላይ የተለጠፈው ሸራ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ይቀየራል። ዘይት የነካው ሸራ ግን ወፍራም ቢሆንም መቀየር ይኖርበታል።

በቤት የሚደረግ ፍተሻ

ከብስክሌቱ ጎን ቆማችሁ የፊቱን ፍሬን ያዙና ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፤ የፊት መንኮራኩሩ መዞር የለበትም። የኋላውንም እንዲሁ አድርጉ። እጀታው ተጨብጦ መሪውን መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት ይቅር። ላስቲኩ ደህና ሆኖ እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ይወጠር። የልጁ ጣቶች እጀታው ላይ በደንብ መድረሳቸውን እዩ፤ ለመጨበጥ ኃይሉ መብቃቱንም ራሱን አስጨብጣችሁ አረጋግጡ።

ሲቀየር

በሱቅ በዕብራይስጥ «ረፊዶት» ብላችሁ ጠይቁ፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ከስህተት ያድናል። የአንድ መንኮራኩር ሁለቱም ላስቲኮች አብረው ይቀየራሉ። ፍሬኑ ስለጮኸ ብቻ ላስቲኩን ወይም ቸርኬውን ዘይት መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬኑ ጨርሶ መያዙን ያቆማል።

በኪፑር ዋዜማ ሱቆች ቀደም ብለው ስለሚዘጉ ፍተሻውን ከሮሽ ሃሻና በኋላ ባሉት ቀናት እንድታደርጉ እንመክራለን። የራስ ቁር (ቃስዳ) ከ18 ዓመት በታች ላለ ብስክሌት ነጂ ሁሉ በሕግ ግዴታ መሆኑንም አትርሱ። ልጁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ አብራችሁ ፈትሹ፤ እሱ የዕቃውን ስም ያስተምራችኋል፣ እናንተ ደግሞ ከመንገድ በፊት መፈተሽን ታስተምሩታላችሁ።